ኦፕንኤምአርኤስ 3 በመካከለኛ ክሊኒክ፦ የሚሠራውና የሚያስቸግረው

ፍርዱን ከፊት እናስቀድም። ተመላላሽ ታካሚ ለሚያይ፣ ሦስት አራት ሐኪም፣ አንድ ላብራቶሪና አንድ ካርድ ክፍል ላለው ክሊኒክ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ከሆኑ የኦፕን ሶርስ የሕክምና መዝገብ ሶፍትዌሮች ውስጥ የምንመርጠው ኦፕንኤምአርኤስ 3ን ነው። ለሶፍትዌሩ የፈቃድ ክፍያ የለም፤ በተጠቃሚ ቁጥር የሚታሰብ ዓመታዊ ክፍያም የለም። ሆኖም ቅዳሜ ተጭኖ ሰኞ ሥራ የሚጀመርበት ዕቃ አይደለም። የክሊኒኩን የበሽታ ስም፣ መድኃኒት፣ የላብ ዓይነትና ቅጽ ለክቶ የሚያዘጋጀው ሰው ካልተገኘ ብዙም ሳይቆይ ሐኪሙ ወደ ወረቀት ካርዱ ይመለሳል፣ ኮምፒውተሩም ለካርድ ሠራተኛው ብቻ ይቀራል። ገንዘቡም ጊዜውም የሚሄደው እዚህ ዝግጅት ላይ ስለሆነ ግምገማችንም የሚያተኩረው በእሱ ላይ ነው።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን የጀመሩት በአሜሪካ ያሉት ሬገንስትሪፍ ኢንስቲትዩትና ፓርትነርስ ኢን ኸልዝ ናቸው። ቀድሞ ሥራ ላይ ከዋለባቸው ቦታዎች አንዷ የምዕራብ ኬንያዋ ኤልዶሬት ናት። የኤችአይቪ ታካሚዎችን ለዓመታት ለመከታተል ታስቦ ስለተሠራ ጠባዩ እስከ ዛሬ ይታያል፦ አንድ ታካሚ በተደጋጋሚ ሲመላለስ ያለፈውን ታሪኩን በአንድ ገጽ ደርድሮ ማሳየት ላይ ጎበዝ ነው። የገባ መረጃም ጨርሶ አይጠፋም፤ «ተሰርዟል» የሚል ምልክት ከሰራዡ ስምና ከምክንያቱ ጋር ተቀምጦለት ዳታቤዙ ውስጥ ይቆያል። በሕክምና ክርክር ጊዜ ይህ ትልቅ ዋጋ አለው። ሦስተኛው ትውልድ፣ በአጭሩ ኦ3 የሚባለው፣ ሙሉ በሙሉ በብራውዘር የሚሠራ ነው፤ ሐኪሙ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ነገር የለም።

ስለ ተፎካካሪዎቹ ባጭሩ። ባህምኒ የተሠራው በዚሁ በኦፕንኤምአርኤስ ላይ ነው፤ ኦፕንኢሊስን ለላብራቶሪ፣ ኦዱን ለሒሳብና ለመጋዘን፣ ዲሲኤም4ቺን ለራጅ ምስል ይጨምርበታል። አልጋ፣ ራጅና ትልቅ መድኃኒት ቤት ላለው ሆስፒታል መልካም ነው። ለክሊኒክ ግን ይከብዳል፤ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ዳታቤዝ ስላለው መረጃው ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ ነው የሚሠራው። ማስተላለፊያው አንድ ቦታ ሲቆም ሐኪሙ ያዘዘው ምርመራ ላብ ሳይደርስ ይቀራል፣ ታካሚውም ወንበር ላይ ይጠብቃል። ባለሙያ በሴንትኦኤስ 7 ላይ ልጫንላችሁ ካለ አትቀበሉ፤ የዚያ ሲስተም ድጋፍ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 2024 አብቅቷል። ኦፕንኢኤምአር ደግሞ የአሜሪካ ሐኪም ቢሮ መሣሪያ ነው፤ ብዙው ክፍሉ ለኢንሹራንስ ኩባንያ ሒሳብ ለመላክ የተሠራ ነው፣ የአሜሪካ መንግሥት የብቃት ማረጋገጫም አለው። አሜሪካ ውስጥ ቢሮ ለከፈተ ሐበሻ ሐኪም እሱን ነው የምንመክረው። አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ ላለ ክሊኒክ ግን ያ ሁሉ ቅጽ እንቅፋት ነው።

ዕቃው

ሰርቨሩ ግቢው ውስጥ ይሁን። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ የማይቆመው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው። ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ 16 ጊጋባይት ራም እና 512 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ያለው ሚኒ ፒሲ ከኡቡንቱ ሰርቨር ጋር ይበቃል። በ8 ጊጋባይትም ይነሳል፤ ግን ጠዋት ሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ሲገባ መንገዳገዱ አይቀርም። ተራ ሃርድ ዲስክ ያለበትን ግን እርሱት፣ ፍለጋው ይጎተታል።

መብራት ነገር ሲታሰብ ብዙዎች ዩፒኤስ ገዝተው ሰርቨሩን ብቻ ይሰኩበታል። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ይሠራል፣ ስዊቹና ራውተሩ ግን ጠፍተዋል፤ ስለዚህ ማንም ሊገባበት አይችልም። ሦስቱም በአንድ ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። 650 ቪኤ የሚል ተራ ዩፒኤስ ሚኒ ፒሲ፣ ባለ 8 ቀዳዳ ስዊችና ራውተር ግማሽ ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ጀነሬተር እስኪነሳ ይበቃል። ባትሪው በሁለት ሦስት ዓመት ይደክማልና ቀኑን ጎኑ ላይ ጽፉበት። በሰርቨሩ ባዮስ፣ ማሽኑ ሲነሳ በሚገባበት ማስተካከያ፣ ውስጥ «መብራት ሲመለስ ራስህ ተነሣ» የሚለው ምርጫ መከፈቱንም አረጋግጡ፤ አለበለዚያ ሌሊት ጠፍቶ ጠዋት ጥበቃው እንዲያበራው ይደወላል። ለሐኪሞቹ ከዴስክቶፕ ይልቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ይሻላል፤ ባትሪው ራሱ ዩፒኤስ ነው። ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ ተቀባይና ላብ በኬብል ይገናኙ፤ ዋይፋዩ ለሐኪም ክፍል ይበቃል።

አጫጫን ላይ የሚበላሸው

ኦ3 የሚጫነው ሶፍትዌርን ኮንቴይነር በሚባሉ ራሳቸውን በቻሉ ጥቅሎች በሚያስነሳው ዶከር ነው፤ አራት ኮንቴይነሮች አሉት፦ መግቢያው ጌትዌይ፣ ተጠቃሚው የሚያየው ፍሮንትኤንድ፣ ከበስተኋላ የሚሠራው ባክኤንድ እና ማሪያዲቢ ዳታቤዝ። ትእዛዙ አንድ መስመር ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ወጥመዶቹ ግን አሉ።

የመጀመሪያው ትዕግሥት ማጣት ነው። መጀመሪያ ሲነሳ ሠንጠረዦቹን ይሠራል፣ መዝገበ ቃላቱን ይጭናል፤ ደካማ ማሽን ላይ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ስክሪኑም ባዶ ሆኖ ይቆያል። «ተሰቅሏል» ብሎ የሚያጠፋው ሰው ዳታቤዙን ግማሽ ላይ ያስቀረዋል፣ ከዚያ በኋላ በተነሳ ቁጥር ስህተት ያወጣል። የባክኤንዱን ሎግ፣ ማለትም የሥራ መዝገቡን፣ ከፍታችሁ እየሠራ መሆኑን ተመልከቱ። አቋርጣችሁት ከሆነ ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት ሁሉንም አጥፍቶ እንደገና መጀመር ከጥገና ይቀላል።

ሁለተኛው የሥሪቱ ስም ነው። ከሶፍትዌሩ ጋር በሚመጣው የዶከር መጫኛ ናሙና ፋይል ላይ ያለው ስም ለሙከራ የሚወጣውን፣ በየጊዜው የሚለዋወጠውን ሥሪት የሚጎትት እንዳይሆን አይታችሁ በይፋ የወጣ አንድ ቁጥር ጻፉበት። ይህ ካልተደረገ የዛሬ ሳምንት «አፕዴት ላድርግ» ያለ ሠራተኛ ማንም ያልፈተነውን ሶፍትዌር በሥራ ሰዓት ያመጣላችኋል። ለማሳያ አብረው የሚመጡ የውሸት ታካሚዎችም እንዳይፈጠሩ ቀድማችሁ ዝጉ፤ ከእውነተኛው ታካሚ ጋር ከተቀላቀሉ ሪፖርቱን ያበላሻሉ።

ሦስተኛው እጅግ አደገኛ ነው። ኮንቴይነሮቹን የሚያወርደው የዶከር ኮምፖዝ ዳውን ትእዛዝ መጨረሻው ላይ «ቪ» የምትለው ፊደል ከታከለችበት ቮሊዩሞቹን፣ ማለትም የታካሚውን መዝገብ በሙሉ፣ ይሰርዛል። ጥያቄ አይጠይቅም፣ መመለሻም የለውም። ከኢንተርኔት ላይ መፍትሔ ገልብጦ የሚለጥፍ ቴክኒሺያን ይህችን ፊደል ሊያስገባት ይችላል። የማጥፊያና የማስነሻ ትእዛዞቹን በተዘጋጀ ስክሪፕት ውስጥ አስቀምጡና በእጅ መጻፍን ከልክሉ።

ከዚያ ደግሞ ሰዓቱ። ኮንቴይነር ካልተነገረው በቀር የሚሠራው በግሪንዊች ሰዓት ነው፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የመጣ ድንገተኛ ታካሚ በትናንቱ ቀን ይመዘገባል። ለባክኤንዱም ለዳታቤዙም የአዲስ አበባን የሰዓት ክልል ስጡ። መግቢያው «አድሚን»፣ የይለፍ ቃሉ «አድሚን123» ሆኖ ስለሚመጣና ይህንንም ዓለም ሁሉ ስለሚያውቀው፣ የእሱንም የዳታቤዙንም የይለፍ ቃል በመጀመሪያው ቀን ቀይሩ። ሰርቨሩን በራውተር በኩል በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱ። ከርቀት ጥገና ካስፈለገ በተቆለፈ መስመር፣ ማለትም በዋየርጋርድ ቪፒኤን፣ ይሁን።

መዝገበ ቃላቱ

ኦፕንኤምአርኤስ የሚያውቀው ነገር ሁሉ «ኮንሴፕት» ይባላል፤ ሙቀት፣ ታይፎይድ፣ አሞክሳሲሊን፣ «አዎ» የሚለው መልስ ሳይቀር። ሲየል የተባለው ዝግጁ መዝገበ ቃላት ከ50,000 በላይ ኮንሴፕት ይዟል፤ ከዓለም አቀፎቹ የሕክምና ኮዶች ከአይሲዲ 10 እና ከስኖሜድ ጋርም ተዛምዷል። ትልቅ ሀብት ነው። ግን እንዳለ ለሐኪም ከተሰጠ «የሳንባ ምች» ብሎ ሲፈልግ ረጅም ዝርዝር ይወጣለታል፣ ጊዜ የለውምና የመጀመሪያውን ይጫናል። በወር መጨረሻ ሪፖርቱ ውስጥ አንዱ በሽታ በሰባት ስም ተበትኖ ይገኛል።

መፍትሔው የሚጀምረው ከወረቀት ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት የተመላላሽ ታካሚ መዝገብ፣ ኦፒዲ የሚባለውን፣ አውጡና የተጻፈውን የበሽታ ስም ቁጠሩ። ለመካከለኛ ክሊኒክ ከ100 እስከ 150 የበሽታ ስም ይበቃል። እነዚያን ከሲየል መርጣችሁ ከጤና ሚኒስቴር የበሽታ ምድብ ዝርዝር፣ ኤንኮድ ከሚባለው፣ ጋር አንድ በአንድ አዛምዱ። ይህን ማዛመድ ኮምፒውተር አዋቂው ብቻውን ሊሠራው አይችልም፤ አንድ ሐኪም ወይም የጤና መኮንን አብሮት መቀመጥ አለበት። ቢያንስ አንድ ሳምንት ሙሉ ይመደብለት። በእኛ ግምት የጠቅላላው ሥራ ዕጣ እዚህ ላይ ይወሰናል። ሲየል ውስጥ ያለን ነገር እንደ አዲስ ራሳችሁ አትፍጠሩ፤ የፈጠራችሁት ኮንሴፕት ከማንም ኮድ ጋር አይዛመድም።

ላብራቶሪው የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የወባ ምርመራ መልስ በነፃ ጽሑፍ አይሁን፤ «አልተገኘም»፣ «ፋልሲፓረም»፣ «ቫይቫክስ» እና «ድብልቅ» ተብሎ በምርጫ ይቀመጥ። ሁለቱም ዝርያዎች አገራችን ውስጥ አሉ፣ ሕክምናቸው የተለያየ ነው፣ ሪፖርት የሚደረጉትም ለየብቻ ነው። «ፖዘቲቭ» ብቻ የሚል መልስ ለማንም አይረባም። የቁጥር ውጤት ላይ ደግሞ መለኪያው ወሳኝ ነው። ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር 108 የሆነው ሰው በሚሊሞል በሊትር 6 ነው። ኮንሴፕቱ የሚይዘው አንድ መለኪያ ብቻ ስለሆነ ሪኤጀንት ወይም ማሽን ስትቀይሩ መለኪያው ከተለወጠ ሌላ ኮንሴፕት ተጠቀሙ። ለክሬአቲኒን ሲየል ውስጥ በሁለቱም መለኪያ ለየብቻ አለ። አንድ ኮንሴፕት ላይ ውጤት መግባት ከጀመረ በኋላ ዓይነቱን ከጽሑፍ ወደ ቁጥር መቀየር አይቻልም፤ ሲስተሙ ራሱ ይከለክላል፣ መከልከሉም ትክክል ነው። ስለዚህ ይህ ሁሉ ማለቅ ያለበት የመጀመሪያው ታካሚ ከመመዝገቡ በፊት ነው።

ትራያጅ ላይ

መዝገቡ ሰውን ከስህተት የሚጠብቀው እስከምን ድረስ እንደሆነ ለማየት ታካሚው ሐኪም ዘንድ ከመግባቱ በፊት የሚለካበትን የነርሷን ጠረጴዛ መመልከት ይበቃል። በሲየል ቁጥር 5088 የሆነው የሙቀት ኮንሴፕት ከ25 በታችና ከ43 በላይ አይቀበልም። ነርሷ 38.5 ለማለት ነጥቧን ዘልላ 385 ብትጽፍ ሳጥኑ ይቀላና ማስቀመጥ ይከለከላል። ጥሩ ነው። አሁን 7.8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ይምጣ። ነጥቧ ስትዘለል 78 ይሆናል፤ የክብደት ጣሪያው 250 ስለሆነ ያለ ምንም ቅሬታ ያልፋል። ሐኪሙ መድኃኒቱን በኪሎ የሚያሰላው ከዚያ ቁጥር ላይ ነው፤ ስህተቱ አሥር እጥፍ ነው።

የኦፕንኤምአርኤስ መሠረት ከሆነው ፕላትፎርም 2.7ኛ ሥሪት ጀምሮ ገደቡን በዕድሜ ለይቶ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የክብደት ጣሪያው ለምሳሌ 15 ኪሎ ይደረጋል። ይህ ግን በራሱ የሚመጣ አይደለም፣ የሚያዘጋጀው ሰው ማስገባት አለበት። ሕፃናት የሚያይ ክሊኒክ ይህ ሳይሠራለት ሥራ ባይጀምር ይመረጣል። የመድኃኒት ከመድኃኒት ጋር መጋጨትን የሚያስጠነቅቅ ክፍልም ከተጫነው ጋር አብሮ አይመጣም። አለርጂ ይመዘግባል፣ ገጹ አናት ላይም ያሳያል፤ ሌላው በሐኪሙና በፋርማሲስቱ ጭንቅላት ላይ ነው።

ስም፣ ዕድሜና ቀን

ሲስተሙ ሦስት የስም ቦታ አለው፤ ለፈረንጅ የተሠራ ቢሆንም ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም ተብሎ ሲሰየም ልክ ይገባል። ችግሩ ያለው አጻጻፉ ላይ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለዳታቤዙ ሦስት ናቸው። ፀሐይና ጸሀይም፣ ዓለምና አለምም እንደዚሁ። ካርድ ሠራተኛዋ ሐይሉ ብላ ፈልጋ ስታጣው አዲስ ካርድ ታወጣለታለች፣ የፔኒሲሊን አለርጂው የተመዘገበው ግን በአሮጌው ላይ ነው። በላቲን መጻፍም አያድንም፣ ጸሐይ የሚለውን አራት ሰው በአራት መንገድ ይጽፈዋል።

ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲደረግ ችግሩ በእጅጉ ይቀንሳል። አንደኛ፣ ፊደል ይወሰን፤ ለፍለጋ ሲባል ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ብቻ ይጻፉ፣ ይህም በካርድ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ታካሚው ስሙ በትክክለኛው ፊደል እንዲጻፍለት ከፈለገ በተጨማሪ የስም መስመር መያዝ ይቻላል። ሁለተኛ፣ ስልክ ቁጥር ሊፈለግ የሚችል መለያ ተደርጎ ይዘጋጅ፤ ፍለጋው ከእሱ ይጀምር። ሦስተኛ፣ አሮጌው የካርድ ቁጥር እንደ ሁለተኛ መለያ ይግባ። ሲስተሙ ራሱ የሚያወጣው ቁጥር መጨረሻው ላይ የማረጋገጫ ፊደል ስላለው አንድ አኃዝ ሲሳሳት ያውቀዋል፤ ከቁጥር ጋር የሚምታቱ የላቲን ፊደሎችም አስቀድመው ወጥተውለታል። የፋይዳን 12 አኃዝ ቁጥርም መያዝ ይቻላል፤ ግን ግዴታ አታድርጉት፤ ሕፃናትና ገና ያልተመዘገቡ ሰዎች አሉ። ሁለት ካርድ አንድ ሰው መሆኑ ከታወቀ ማዋሃድ ይቻላል፣ ማዋሃዱ ግን አይመለስም። ሥልጣኑ ለአንድ ሰው ብቻ ይሰጥ።

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ላይ ኦ3 ደስ ያሰኛል። ተጠቃሚው ቋንቋውን ወደ አማርኛ ሲቀይር ቀኑም ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ይቀየራል፤ ዳታቤዙ ውስጥ የሚቀመጠው ግን በፈረንጁ ስለሆነ ካርድ ክፍሉ በአማርኛ፣ ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ቢጠቀሙ አይጋጭም። ትርጉሙ ግን ሙሉ አይደለም፤ አንዳንድ ገጽ ላይ ድንገት እንግሊዝኛ ይመጣል። ሰዓት ላይ ግን ስምምነት ያስፈልጋል። «ጠዋት 3 ሰዓት» የተባለ ቀጠሮ ሲስተሙ ውስጥ 9 ሰዓት ነው። ሲስተሙ ላይ በፈረንጅ፣ ለታካሚው በሚሰጠው ወረቀት ላይ በሐበሻ ብላችሁ ቁረጡት። ዕድሜውን ብቻ ለሚያውቅ ታካሚ «ግምት» የሚለው ይመረጥ። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ግን በግምት አትለፉ፣ የክትባት ካርዱን ጠይቁ።

የወሩ ሪፖርት

ክሊኒኮች ወደ ኮምፒውተር የሚሄዱበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ለመንግሥት በየወሩ የሚላከው የጤና መረጃ፣ የኤችኤምአይኤስ ሪፖርት፣ ነው፤ ብስጭቱም የሚመጣው ከእሱ ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣ የኢትዮጵያ ሪፖርት የለም፣ መሠራት አለበት። የሪፖርት ወሩ ከ21 እስከ 20 ነው፤ ስለዚህ በፈረንጅ ወር የሚያጠቃልል ሪፖርት ጨርሶ አይሆንም። የመስከረም ሪፖርት ከነሐሴ 21 ጀምሮ ጳጉሜን ጭምር ይዞ እስከ መስከረም 20 ይሄዳል፤ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ አንድ ቀን ይጨምራል። ፕሮግራመሩ ይህን የሚያውቅ መሆኑን የነሐሴና የመስከረምን ሪፖርት አሠርታችሁ ፈትኑት።

ሌላው ተደጋጋሚ ስህተት ዕድሜ ነው። ሪፖርቱ ዕድሜን የሚያሰላው ታካሚው በታየበት ቀን መሆን አለበት። በዛሬ ቀን የሚያሰላ ከሆነ ያለፈ ወር ሪፖርት በድጋሚ ሲወጣ ቁጥሩ ይለዋወጣል፤ ከአምስት ዓመት በታች የነበረው ልጅ ወደ ላይ ያልፋል። የአንድ ወር ሪፖርት በኮምፒውተርም በእጅም ተቆጥሮ እስኪገጥም ድረስ ሪፖርቱ ወደሚላክበት ሲስተም፣ ወደ ዲኤችአይኤስ2፣ አታስገቡት። ልዩነት ሲገኝ መጀመሪያ የምታዩት የተባዙ ካርዶችንና ያልተዘጉ ጉብኝቶችን፣ ማለትም ታካሚው በመጣ ቁጥር የሚከፈቱትን መዝገቦች፣ ነው። ታካሚው ሄዶ ጉብኝቱ ክፍት ከቀረ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመጣ አዲሱ ነገር ሁሉ በአሮጌው ጉብኝት ላይ ይጻፋል። በየሌሊቱ ክፍት ጉብኝቶችን የሚዘጋ ተግባር ሲስተሙ ውስጥ አለ፤ የሚዘጉትን የጉብኝት ዓይነቶች ገልጻችሁ አስነሡት።

ሒሳብና መጋዘን

የክፍያ ክፍል አለው። የሚያትመው ወረቀት ግን በመንግሥት የታወቀውን ደረሰኝ አይተካም። ገንዘብ ተቀባይዋ በካሽ ሬጅስተሩ መቀጠሏ የግድ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የክፍያ ክፍሉን «ተከፍሏል» ለሚለው ምልክት ብቻ ተጠቀሙበት። የመድኃኒት መጋዘኑንም ለስድስት ወር ያህል አቆዩት።

ከወረቀት መሻገር

የድሮውን ካርድ ሁሉ ስካን ማድረግ ጊዜና ገንዘብ ይበላል፣ ስካን የተደረገውን የሚያነብም አይገኝም። ታካሚው በመጣ ጊዜ ከካርዱ ላይ አራት ነገር ብቻ ይግባ፦ አለርጂ፣ ሥር የሰደደ በሽታ፣ አሁን የሚወስደው መድኃኒትና የመጨረሻው ዋና ውጤት።

ክፍሎቹን በተርታ አስገቡ፤ መጀመሪያ ካርድና ትራያጅ፣ ቀጥሎ ሐኪም፣ መጨረሻ ላብ። ወረቀትና ኮምፒውተር ጎን ለጎን የሚሄዱበት ጊዜ ከሁለት ሳምንት አይብለጥ። ሁለት ጊዜ መጻፍ የሰለቸው ሰው አንዱን ይተዋል፣ የሚተወውም ኮምፒውተሩን ነው። የሐኪሙ ቅጽ ደግሞ አጭር ይሁን፤ ዋና ቅሬታ፣ ታሪክ፣ ምርመራ፣ የበሽታው ስምና ዕቅድ። በኦ3 ቅጽ መሥሪያ 60 ሳጥን መደርደር ቀላል ነው፤ ታካሚ በር ላይ ተሰልፎ 60 ሳጥን የሚሞላ ሐኪም ግን የለም።

ሲስተሙ ለቆመ ጊዜ የሚሆን ባለ አንድ ገጽ የወረቀት ቅጽ በየክፍሉ መሳቢያ ይቀመጥ። ሲመለስ ማን እንደሚያስገባው ቀድሞ ይወሰን፣ ሲያስገባም ጉብኝቱን በእውነተኛው ቀንና ሰዓት ይክፈት እንጂ በሚጽፍበት ሰዓት አይደለም።

ምስጢርና ባካፕ

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ጥብቅ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል። በተግባር ሲታይ ትልቁ ቀዳዳ ሌባ አይደለም፣ በጋራ የሚያዝ የይለፍ ቃል ነው። ሦስት ነርሶች በአንድ ስም ከገቡ መርፌውን ማን እንደሰጠ የሚናገር መዝገብ አይኖርም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ መግቢያ፣ ሲለቅም በዚያው ቀን መዝጋት። ገንዘብ ተቀባይና ካርድ ሠራተኛ የምርመራ ውጤት እንዳያዩ ሥልጣናቸው ይገደብ፤ ገደቡንም በእነሱ መግቢያ ገብታችሁ ሞክሩት፣ አንዳንድ ገጽ ያልጠበቃችሁትን ሊያሳይ ይችላልና።

ባካፕ በየሌሊቱ በራሱ ይወሰድ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ በሁለት ውጫዊ ዲስክ እየተፈራረቀ አንዱ ከክሊኒኩ ውጭ ይደር። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚረሳው አለ፦ የዳታቤዝ ባካፕ ፎቶና ስካን የተደረገ ወረቀት አይዝም። እነሱ የሚቀመጡት በፋይል መልክ በባክኤንዱ ቮሊዩም ውስጥ ስለሆነ ለብቻ መወሰድ አለባቸው። የፋይሉን መጠንም በየሳምንቱ እዩ፤ የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ከተቀየረ ስክሪፕቱ ባዶ ፋይል እየሠራ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

ውሉ

ከሚጭንላችሁ ባለሙያ ጋር በጽሑፍ ተዋዋሉ። የዋናው አስተዳዳሪ፣ የሰርቨሩና የባካፑ ቁልፍ የይለፍ ቃሎች ታሽገው ለባለቤቱ ይሰጡ። የተዘጋጁት ቅጾች፣ የበሽታ ስም ዝርዝሩና የሪፖርት ትእዛዞቹ በፋይል ይረከቡ፤ እነሱ የክሊኒኩ ንብረት ናቸው፣ ሌላ ባለሙያ ቢመጣ ከዚያ ይቀጥላል። አዲስ ሥሪት መጀመሪያ በቅጂ ላይ ተፈትኖ ነው ወደ ሥራው የሚገባው። ከሠራተኞቹ አንዱ ሲስተሙን ማስነሣት፣ ተጠቃሚ መጨመርና ባካፕ መኖሩን ማረጋገጥ ይማር። የክፍያው የመጨረሻ ክፍል ደግሞ ባካፑ በሌላ ኮምፒውተር ላይ ተመልሶ፣ ባለቤቱ ራሱ የመረጠው አንድ ታካሚ ተፈልጎ፣ የላብ ውጤቱና የተያያዘው ፎቶ ሳይጎድል ሲገኝ ይከፈል።